ከመጠለያ የመጣ ውሻ በአዲስ ቤቱ፦ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሦስተኛው ወር

ከመጠለያ ወጥቶ እናንተ ቤት የገባ ውሻ መዳኑን አያውቅም። ሽታው እንግዳ የሆነበት ቤት፣ ድምፃቸውን ያልለመደው ሰዎች፣ ወዴት እንደሚያወጣ ያላየው በር፤ ለእሱ ያለው ይኸው ነው። ቤተሰቡ በደስታ ከብቦት ሳለ አንዱ ውሻ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ደግሞ እያለከለከ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዘላል፣ ማረፍ ያቅተዋል። የመጀመሪያውን «ፈሪ ነው»፣ ሁለተኛውን «ደስ ብሎት ነው» እንላለን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ተጨንቀዋል።

እንዲህ ላለ ውሻ ፍቅር መጀመሪያ የሚገባው በመታቀፍ ሳይሆን በመደጋገም ነው። ምግብ በዚያው ሰዓት፣ ሽንት በዚያው በር፣ እንቅልፍ በዚያው ጥግ። ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ሲጀምር ሰውነቱ ይፈታል። በመጠለያ የሚሠሩ ሰዎች «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚል መለኪያ አላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውሻው ከድንጋጤው አልወጣም፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በ3 ወር ቤቱ የእሱም መሆኑን ያምናል። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ በወር የሚረጋጋም፣ ዓመት የሚፈጅበትም አለ። ጥቅሙ በሁለተኛው ቀን ስለ ውሻው ጠባይ ፍርድ ከመስጠት መግታቱ ነው።

ከመምጣቱ በፊት

ውሻውን ስትረከቡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠይቁ። ምን ዓይነት ምግብ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት ይበላል? የትኞቹን ክትባቶች በየትኛው ቀን ወሰደ? የትላትል መድኃኒት መቼ ተሰጠው? የማምከን ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል? ከልጆች፣ ከድመት፣ ከሌላ ውሻ ጋር ኖሮ ያውቃል? እየበላ ሰው ሲቀርበው ምን ያደርጋል? «ጎበዝ ውሻ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። «ሳህኑ ላይ እያለ ብትጠጉት መብላቱን አቁሞ ደርቆ ይቀራል» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን ብዙ ነገር ተነግሯችኋል። ሲተኛበት የነበረውን ጨርቅ ከሰጧችሁ ሳታጥቡ አምጡት። መሽተቱ አይቀርም፤ በአዲሱ ቤት ውስጥ ግን ውሻው የሚያውቀው ሽታ እሱ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ክፍል፣ ካልሆነም አንድ ጥግ ይበቃዋል። ሰው የሚመላለስበት ቦታ አይሁን። መኝታውንና ውሃውን እዚያው አድርጉ፤ ከተቻለ በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የውሻ ሳጥን አስቀምጡና በሦስት ጎኑ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሳጥኑ ውሻው አንገቱን ሳይደፋ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት ይኑረው። የዚህ ጥግ ሕግ አንድ ነው፦ ውሻው እዚያ ሲገባ ማንም አይነካውም፣ ማንም ጎትቶ አያወጣውም። ልጆችም እንግዶችም ይህን ይወቁ።

መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የቆሻሻ መጣያ ከሚደርስበት ቦታ ይነሱ። አጥሩን ዙሪያውን እየሄዳችሁ ከታች ተመልከቱ፤ የውሻው ጭንቅላት የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰውነቱንም ሊያሳልፍ ይችላል። አጥር ሥር የተቀመጠ በርሜል ወይም የእንጨት ክምር ደግሞ ለእሱ መወጣጫ ነው።

ገመዱ ላይ አትቆጥቡ

ከአዲስ ቤት የሚጠፉ ውሾች ብዙዎቹ የሚያመልጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ወይ በተከፈተ በር፣ ወይ ከአንገታቸው በወለቀ ቀበቶ። የደነገጠ ውሻ ወደ ፊት አይጎትትም፤ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ቀበቶውም በጆሮዎቹ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የማይቀጥን ረጃጅም ውሾች በተለይ እንዲህ ያመልጣሉ።

ስለዚህ የአንገት ቀበቶም የደረት ቀበቶም አድርጉለት፤ ገመዱንም ከሁለቱም ጋር አያይዙ። ባለ ሁለት መንጠቆ ገመድ ካላገኛችሁ ሁለት ገመድ ያዙ። የአንገቱ ቀበቶ ልክ ሁለት ጣት በጠፍጣፋው የሚገባበት ነው፤ ሦስት ጣት ከገባ ሰፍቷል። መውጫ በሩን ሳትከፍቱ ቤት ውስጥ ፈትኑት፦ ከውሻው ፊት ቆማችሁ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ቀበቶው ወደ ጆሮው ከተንሸራተተ አጥብቁት። እንደ ክር እየረዘመ የሚወጣና በእጀታው የሚጠቀለል ገመድ ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ እጀታው ከእጅ ካመለጠ እየተንኳኳ ከኋላው ይከተለዋል፣ ውሻውም ከድምፁ ለመሸሽ ጨርሶ ይሮጣል።

ስልክ ቁጥራችሁ የተቀረጸበት ትንሽ ታርጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንገቱ ላይ ይሁን። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳ ሥር የምትገባ ነገር ናት። ባትሪ የላትም፣ ውሻው ያለበትንም ቦታ አትናገርም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋት ቁጥሯን ብቻ ትሰጣለች፤ ዓለም አቀፉን ደረጃ በተከተሉት ላይ ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው። ያ ቁጥር ከእናንተ ስልክ ጋር ካልተመዘገበ ከንቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። በመጠለያው ስም ተመዝግቦ ከሆነ በዚያው ሳምንት አስቀይሩ።

የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት

በመኪና ስትመጡ ውሻው ሳጥን ውስጥ ወይም በደረት ቀበቶው ታስሮ ይቀመጥ። የመኪናው በር የሚከፈተው ገመዱ እጃችሁ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ነው። እንደ ደረሳችሁ ወደ ቤት አታስገቡት፤ መጀመሪያ ወደፊት ሽንቱን ወደሚሸናበት ቦታ ውሰዱትና 10 ወይም 15 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሲሸና በለስላሳ ድምፅ አመስግኑት፣ የሚበላ ነገር ስጡት። ከዚያ በገመድ እንደያዛችሁት አስገቡት፣ ጥጉን አሳዩት፣ ተዉት።

በዚህ ቀን እንግዳ አይጠራ፣ ገላው አይታጠብ፣ ጥፍሩ አይቆረጥ። ቢሸትም አንድ ሳምንት አይገድልም። የታሰረ ውሻን በውሃ መዘፍዘፍ የመጀመሪያ ትውውቃችሁ ከሆነ እጃችሁን የሚያስታውሰው በዚያ ነው።

መቅረብ የፈለገ ሰው ወለሉ ላይ፣ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ለውሻው ሰጥቶ ይቀመጥ። ዓይን ለዓይን አይተያይ፣ እጁን አይዘርጋ። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ እንደ ጥፍር አሳንሶ ቆራርጦ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጎ ይጣልለት። መጀመሪያ ውሻው አንገቱን ብቻ ያረዝማል፤ የኋላ እግሮቹ ለመሸሽ እንደተዘጋጁ ተተክለው ይቀራሉ። ቁራሹን ነጥቆ ይመለሳል። ከአምስት ከስድስት ጊዜ በኋላ የኋላ እግሮቹም መከተል ይጀምራሉ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «መጣልኝ» ብሎ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ይጭናል፣ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ በአንድ ሰከንድ ይፈርሳል። እግሮቹ ሲከተሉ አሁንም ምግቡን ጣሉ። መንካት ነገ ይደርሳል።

ሌሊቱን ብቻውን በተዘጋ ክፍል አትተዉት። ሳጥኑን ወይም መኝታውን ወደ መኝታ ቤታችሁ አስገቡ፤ ካልሆነ አንድ ሰው ለጥቂት ሌሊት እሱ ካለበት ይተኛ። ሲያላዝን ዝም ብሎ መተው «ይልመደው» ይባላል፤ ውሻው ከዚያ የሚማረው ግን ቢጣራ የሚመጣለት እንደሌለ ነው። በገመድ አውጥታችሁ አሸኑት፣ ብዙ ሳታወሩ መልሱት።

በመጀመሪያው ቀን አልበላም ብሎ እንቢ ማለቱ የተለመደ ነው። ሳህኑን ለ15 ደቂቃ አስቀምጡለትና አንሱት፤ አጠገቡ ቆማችሁ አታባብሉት፣ ሰው እያየው መብላት የሚፈራ ውሻ ብዙ ነው። ጤነኛ አዋቂ ውሻ 48 ሰዓት ካለፈው፣ ቡችላ 12 ሰዓት ካለፈው፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ውሃ እንቢ ካለ፣ ካስመለሰ ወይም ከደከመ ግን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ምግብ

የመጠለያው ምግብ ጥሩ ባይሆን እንኳ በአንድ ጊዜ አትቀይሩት። ጭንቀት ብቻውን አንጀት ያስቀምጣል፤ አዲስ ምግብ ሲታከልበት ተቅማጡ ከበሽታ ይምጣ ከምግብ መለየት ያቅታል። ለመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ስጡት። ከዚያ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀይሩ፦ መጀመሪያ ሩብ አዲስ ከሦስት ሩብ አሮጌ ጋር፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እኩል በእኩል፣ ቀጥሎ ሦስት ሩብ አዲስ። ዓይነ ምድሩ ከላላ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሳችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

መጠኑን ለመገመት፣ ክብደቱ ከ2 እስከ 45 ኪሎ ለሆነ ውሻ ኪሎውን በ30 አባዝታችሁ 70 ጨምሩ። ያ ዝም ብሎ ተኝቶ ቢውል እንኳ በቀን የሚያስፈልገው ኪሎካሎሪ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን 430 ይሆናል። ለመከነና መጠነኛ እንቅስቃሴ ለሚያደርግ አዋቂ ይህን በ1.6 አባዙት፤ 690 ገደማ ይመጣል። በምግቡ ከረጢት ላይ ያለውን የኪሎካሎሪ ቁጥር እያያችሁ በግራም መዝኑ። ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ እጃችሁ ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ፤ የጎድን አጥንቱ ስትነኩት እንደዚያ ከተሰማ ልኩ ነው። እንደ ጭብጥ አንጓ ጎርበጥ ካለ ከስቷል፣ እንደ መዳፍ ውስጥ ከሰመጠ ወፍሯል።

በጣም የከሳ፣ አጥንቱ የወጣ ውሻ ከመጣ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ውሻው አንጀቱን የበላው ሰው ሳያውቅ ይጎዳዋል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ይገባና በደም ውስጥ ያለው መጠን በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፤ ልብና መተንፈሻ ሊቆሙ ይችላሉ። ውሻው በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ውሻ ከመመገባችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩ። አመጋገቡ አሁን ባለው ክብደቱ ተሰልቶ በጥቂት ይጀመራል፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይከፋፈላል፣ ወደ ሙሉው መጠን የሚደርሰውም በቀናት ነው።

ለማንኛውም ውሻ የማይሰጡ፦ ቸኮሌት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት (ጥሬም የበሰለም)፣ ወይንና ዘቢብ፣ አልኮል፣ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካና ከረሜላ፣ የበሰለ አጥንት። የበሰለ አጥንት ሲሰበር ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ሐኪም ጋ

ጤነኛ ቢመስልም በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ለሐኪም ይታይ፤ የዓይነ ምድሩን ናሙና በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። እስከ 14 ቀን ድረስ ከሌሎች ውሾች ይራቅ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለም በዚህ ጊዜ የተለያየ ክፍልና የተለያየ ሳህን ይኑራቸው። ምክንያቱም በፓርቮ (የውሻን አንጀት በሚያጠቃ ቫይረስ) ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አልፎ አልፎ እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ የመጠለያ ሳል የሚባለው፣ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የመተንፈሻ ሕመምም እንዲሁ እስከ ሁለት ሳምንት ሊደበቅ ይችላል። ቡችላ ካስመለሰና ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው ነገ አትበሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ይደርቃል። የፓርቮ ቫይረስ በወለልና በአፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ መጀመሪያ ቆሻሻውን አጽድቶ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ይገድለዋል።

ክትባት በወረቀት ካልተረጋገጠ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። የቡችላ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ቶሎ ጀምሮ ቶሎ ማቆም የማይበቃው ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የክትባቱን ሥራ ስለሚያከሽፈው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት ገደማ ይጀመርና ከዓመት በኋላ ይደገማል። ታሪኩ ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያውኑ ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

የትላትል መድኃኒት አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው የተለመደ ስህተት ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች አዋቂውን ትል ይገድላሉ፣ በሰውነት ውስጥ በማደግ ላይ ያለውን ይተዉታል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይደገማል። በመቀመጫው ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። አንዱ የኮሶ ዓይነት በቁንጫ ስለሚተላለፍ ቁንጫውን ሳታጠፉ ትሉን ብቻ ብታክሙ ይመለሳል። መዥገር በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል፤ ጋዝ አይፈስበትም፣ በክብሪት አይቃጠልም። ድመት ያላችሁ ደግሞ የቁንጫ መድኃኒቱን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። የሰው የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ፤ ኢቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል ሐኪም ሳያዝ ለውሻ አይሰጥም።

ሽንት

አዋቂ ውሻ ቢሆንም እንደ ቡችላ አድርጋችሁ ጀምሩ። በሲሚንቶ ላይ ሲሸና የኖረ ውሻ ወለል ምን እንደሆነ፣ ደጅ ምን እንደሆነ ማን ነገረው? ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ በመካከሉም በየ2 ሰዓቱ አውጡት። ሁልጊዜ በአንድ በር፣ ወደ አንድ ቦታ። አብራችሁት ውጡ እንጂ ከፍታችሁ አትልቀቁት፤ ሽልማቱ ሸንቶ እንደጨረሰ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ እዚያው ደጅ ላይ መሰጠት አለበት። ቤት ከገባ በኋላ ከተሰጠው የሚማረው መግባት እንደሚያሸልም ነው።

ቤት ውስጥ ሲሸና ከደረሳችሁበት ሳትጮኹ አጨብጭባችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት። ካለፈ በኋላ ያገኛችሁትን ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ መድፈቅ፣ መቆጣት፣ መምታት የሚያስተምረው ሰው ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሶፋ ጀርባ ይደበቃል፣ ደጅም ስትወስዱት እናንተ ፊት አይሸናም። ማጽጃው ኢንዛይም ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ አሞኒያ ያለበት ግን ሽታው ከሽንት ስለሚመሳሰል መልሶ እዚያው ይጠራዋል። ሰው ሲያጎነብስበት ሽንቱ የሚያመልጠው ከሆነ ፍርሃት ነው፤ አታጎንብሱ፣ ቁጭ ብላችሁ በጎን ተቀበሉት። ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ወይም የሚያምጥ ከሆነ ደግሞ የፊኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይታይ።

ከመናከሱ በፊት የሚናገረው

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውን አባባል እዚህ ቤት ውስጥ እርሱት። የሚያጉረመርም ውሻ ሊናከስ ይችላል፤ ማጉረምረሙ ግን ውለታ ነው፣ አስጠንቅቋችኋል። ለማጉረምረሙ የተቀጣ ውሻ ፍርሃቱ አይቀንስም፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይተዋል። «ሳያስበው ድንገት ነከሰ» ከሚባሉት ውሾች ስንቶቹ እንዲህ ዝም የተሰኙ ይሆኑ።

ከማጉረምረሙም በፊት ብዙ ይናገራል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ጅራቱን ይወሽቃል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል። ከሁሉም የሚያሳስበው ድንገት ደርቆ መቆሙ ነው፦ አፉ ይዘጋል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ እንደ ሐውልት ይሆናል። ያን ጊዜ እጃችሁን መልሱና ፊታችሁን አዙራችሁ ራቁ። ጅራት መወዝወዝ ብቻውን የደስታ ምልክት አይደለም፤ ወደ ላይ ተገትሮ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ውጥረት ነው።

ውሻው መነካት መፈለጉን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ደረቱን ወይም የአንገቱን ጎን ለ3 ሰከንድ እሹትና እጃችሁን አንሱ። እሱ ከተጠጋችሁ ወይም በአፍንጫው ከገፋችሁ ቀጥሉ፤ ባለበት ከቀረ ወይም ካራገፈ ጨርሷል። ልጆች ይህን ጨዋታ በፍጥነት ይማራሉ፣ ውሻውም ከእነሱ ጋር መሆንን ይወዳል። ማቀፍ፣ ሲተኛ መቀስቀስ፣ ሲበላ መቅረብ ለልጆች የተከለከለ ነው፤ ትንሽ ልጅና አዲስ ውሻ ደግሞ አዋቂ በሌለበት ለአንድ ደቂቃም አንድ ክፍል አይቀሩ።

ሳህኑን የሚጠብቅ ውሻ ካለ «ማን ጌታ እንደሆነ ይወቅ» ብሎ እጅን ምግቡ ውስጥ መክተት ነገሩን ያባብሳል፤ የሚፈራው ምግቡን እንዳትወስዱበት ነበር፣ ልክ መሆኑን አረጋገጣችሁለት። እሱ ከማይደርቅበት ርቀት፣ ለምሳሌ ከ3 ሜትር፣ እያለፋችሁ ከሚበላው የሚበልጥ ቁራሽ ሥጋ ወርውሩለትና መንገዳችሁን ቀጥሉ። በየቀኑ ደጋግሙት። መምጣታችሁን ሲያይ ከሳህኑ ቀና ብሎ መጠበቅ ሲጀምር ብቻ ግማሽ እርምጃ ቅረቡ። ጫማ ወይም ሌላ ዕቃ ከያዘ አትንጠቁት፣ በተሻለ ነገር ለውጡት። ነክሶ ያደማ ውሻ ካለ ግን በራሳችሁ አትሞክሩ፤ በሽልማት የሚያሠለጥን ባለሙያና ሐኪም አማክሩ፣ ከጀርባው ሕመም ሊኖር ይችላል።

ብቻውን መቅረት

አንዴ የተተወ ውሻ በሩ ሲዘጋ እንደገና የተተወ ሊመስለው ይችላል። ስትወጡ ስልክ ወይም ካሜራ አስቀምጣችሁ ቅረጹት፤ የከፋው ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታያል። በሩን የቧጠጠ፣ ለሃጩን ያዝረበረበ፣ ያላዘነ፣ ሰው ሳይኖር ብቻ የሚሸና ውሻ እየተበቀለ አይደለም፤ ሽብር ይዞት ነው። እንዲህ ያለውን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ጥርሱንና ጥፍሩን ያሰብረዋል።

ልምምዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመራል። ቁልፍ አንሱና መልሳችሁ አስቀምጡ፣ ጫማ አድርጉና ተቀመጡ፤ እነዚህ ድምፆች መሄድን ማብሰራቸው ይቅር። ቀጥሎ በሩን ከፍታችሁ ዝጉ። ከዚያ ለ5 ሰከንድ ውጡ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 1 ደቂቃ። ሁልጊዜ ከመጨነቁ በፊት ተመለሱ። ከረዘመው አንዳንዴ አሳጥሩ፣ 2 ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ ወደ 40 ሰከንድ ተመለሱ፤ በየጊዜው እየጨመረ ብቻ ከሄደ ቀጣዩ እንደሚረዝም ውሻው ይገባዋል። 30 ደቂቃን ያለ ጭንቀት ካለፈ ከዚያ ወዲያ ያለው ይቀልላል። እስከዚያው ግን ልምምዱን የሚያፈርሰው አንድ ሙሉ ቀን ብቻውን መተው ስለሆነ፣ ተራ ገብታችሁ አንድ ሰው ቤት ይሁን።

ሌላ ውሻና ድመት

ሁለቱን ውሾች በር ላይ ፊት ለፊት አታገናኙ። ሁለቱም የማይኖሩበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሰው ሁለት ገመድ ይዞ፣ በ10 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ተጓዙ። ገመዱ የላላ ይሁን፤ የተወጠረ ገመድ ውጥረትን ወደ ውሻው ያደርሳል። ሲላሉ ርቀቱን አጥብቡ፣ ለ3 ሰከንድ ይሻተቱ፣ ከዚያ ጠርታችኋቸው ጉዞውን ቀጥሉ። ቤት ሲገቡ አጥንት፣ መጫወቻና ሳህን አስቀድሞ የተነሣ ይሁን፤ ለየብቻ ይብሉ።

ድመቷ የምትወጣበት ከፍታና ውሻው የማይገባበት ክፍል ይኑራት። ለቀናት በተዘጋ በር ሥር ይሻተቱ፤ ከዚያ ውሻው በገመድ ተይዞ ይተያዩ። ድመቷን አይቶ ምግብ ሲጠራው ዞር የሚል ውሻ ተስፋ አለው። ዓይኑን ተክሎ፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ዘንብሎ፣ ምግብም ስምም የማይሰማ ከሆነ አደን ላይ ነውና አብረው አይተዉ።

ቢያመልጥ

አትሩጡበት፣ በቡድን ሆናችሁም አትጥሩት። የደነገጠ ውሻ የራሱን ሰው እንኳ ሊሸሽ ይችላል፣ መኪና ፊትም ሊገባ ይችላል። ካያችሁት ቁጭ በሉ፣ ጎናችሁን ስጡት፣ የምግብ ከረጢት አንኮሻኩሹና መሬት ላይ በትኑ። ካላያችሁት ከጠፋበት ቦታ አጠገብ የለበሳችሁትን ያልታጠበ ልብስ፣ የእሱን መኝታና ምግብ አስቀምጡ፤ ብዙ ውሾች ከአካባቢው ርቀው አይሄዱም፣ ሲመሽና ጎህ ሲቀድ ጸጥ ሲል ይወጣሉ። ፎቶና ስልክ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ ላይ «አትጥሩት፣ አታባርሩት፣ ደውሉልን» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። የማይክሮቺፕ ቁጥሩን ለሐኪሞችና ለመጠለያዎች ስጡ።

ወራት ሲቆጠሩ

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላይ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ዝምተኛው ውሻ መጮህ ይጀምራል፣ ዕቃ ይነክሳል፣ እንግዳ ሲመጣ ያጉረመርማል። ተበላሸ ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ጨዋ የመሰለው ሁሉን ፈርቶ ስለነበር ነው፣ አሁን እውነተኛ ጠባዩን ለማሳየት ድፍረት አገኘ። የቀኑን ሥርዓት አጥብቃችሁ ያዙ፣ መተኛቱንም ጠብቁለት፤ አዋቂ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ቡችላ ደግሞ እስከ 18 እና 20 ሰዓት ይተኛል፣ እንቅልፍ ያጣ ውሻ ይነጫነጫል። አዲስ ነገር፣ ሩቅ መንገድ፣ ብዙ ሰው፣ ገላ መታጠብ ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ ይምጡ፤ በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ነገር አይደራረብበት።

መረጋጋቱን በአተኛኘቱ ታዩታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጠቅልሎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ አገጩን ከመሬት ሳያሳርፍ ያንቀላፋል፤ ሰው ሲነሣ አብሮ ይነሣል። በኋላ በጎኑ ተዘርግቶ፣ ሆዱን ገልጦ፣ በክፍሉ መሃል ይተኛል፤ እናንተ ተነሥታችሁ ስታልፉ ጆሮውን ብቻ ያነሣና መልሶ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ዞራችሁ እለፉት፣ አትቀስቅሱት።